አባዬ «ሄፓታይተስ ሲ አለብዎት» ተባሉ። ሁለተኛው ምርመራ ምንድነው?

የደሴዋ ልጅ | ነሐሴ 28፣ 2016

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ጭንቅ ብሎኝ ጻፍኩ።

አባዬ 63 ዓመታቸው ነው። ለሄርኒያ ኦፕራሲዮን ከደሴ አዲስ አበባ አመጣኋቸው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተለመደውን የደም ምርመራ አደረጉ። ከሰዓት ውጤቱን ይዘን ስንገባ ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ «የጉበት ቫይረስ አለብዎት፤ ሲ የሚባለው ነው። ኦፕራሲዮኑ ለጊዜው ይቆይ፤ የጉበት ስፔሻሊስት ይይዎት» አለን። በቃ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ተጠርቶ ገባ።

ወረቀቱ ላይ ስለ ሲ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ኤችሲቪ አንቲቦዲ፦ ሪአክቲቭ»። ቁጥር የለውም።

ማታ ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ሲቀዳ አባዬ ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ አነሱና ወንበራቸው ሥር አስቀመጡ። «ይቺ የእኔ ትሁን። ለብቻዋ እጠቡልኝ» አሉ። የአራት ዓመት ልጄ ሁሌ ጭናቸው ላይ ነው የምትቀመጠው። ዛሬ ቀስ አድርገው አወረዷት። ምንም አላልኩም፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አንዲት ነርስ ጎረቤቴ «ሁለተኛ ምርመራ አለ፤ እሱን ሳታሠሪ አትደንግጪ» አለችኝ። ምንድነው እሱ? የመጀመሪያው ተሳስቶ ነው? አባዬስ ቤት ውስጥ ያስተላልፋሉ? የምታውቁ እባካችሁ።

እንዳልክ 22 | ነሐሴ 28፣ 2016

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አጎቴን የወፍ በሽታ ይዞት ገጠር አንድ አዋቂ ጋ ወስደነው በቅጠል ድኗል። ስልኩን በውስጥ መስመር ልልክልሽ እችላለሁ። ለጉበት የአገር መድኃኒት ይሻላል።

ፋርማሲስቷ | ነሐሴ 28፣ 2016

እንዳልክ ወንድሜ፣ ልብህ ቅን እንደሆነ ይገባኛል። ይህን ምክር ግን እባክህ እንተወው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» የምንለው ነገር ብዙ መነሻ አለው። ሄፓታይተስ ኤ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ሰው ግን ቅጠሉ ያዳነው ይመስለዋል። ሲ ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ዓይንም ቢጫ አያደርግ፣ አያምም። ዝም ብሎ 20 ዓመት፣ 30 ዓመት ይቀመጣል። አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበት ይጎዳል። ሲ ዛሬ በእንክብል የሚድን በሽታ ነው። ከሚታከሙት 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። መጀመሪያ ግን ቫይረሱ አሁን መኖሩ ይረጋገጥ።

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ነሐሴ 28፣ 2016

እህቴ አይዞሽ። ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። ይህን ወረቀት ይዘው የሚያለቅሱ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ምርመራው ተሳስቷል ማለት አይደለም። የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ነው። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት ቫይረሱን ሲያገኘው የሚሠራው መከላከያ ነው። ጠዋት ተነስተሽ በራፍሽ ላይ የጅብ ዱካ ብታዪ ሌሊት ጅብ እንደመጣ ታውቂያለሽ። ግቢ ውስጥ ተኝቶ ይሁን ወይ ሄዶ ይሁን ግን ዱካው አይነግርሽም። «አንቲቦዲ ሪአክቲቭ» ማለት ዱካ አለ ማለት ነው። ጅቡን ራሱን የሚፈልገው ሁለተኛው ምርመራ ነው።

ሲ የገባበት ሰው ሁሉ አብሮት አይኖርም። ከ100 ሰዎች 30 ገደማ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ያለ ምንም መድኃኒት ራሳቸው ያጠፉታል። 70 ገደማ የሚሆኑት ላይ ይቀራል። አንቲቦዲው ግን በሁለቱም ወገን ደም ውስጥ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ። ከዚያም ሌላ፣ ቫይረሱ ብዙ በሌለበት ሕዝብ ውስጥ የአንቲቦዲው መመርመሪያ ስትሪፕ አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት ሪአክቲቭ ሊል ይችላል።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። እኛ አገር ሰው ስለ ደም ምርመራ የተማረው በኤችአይቪ ነው። ኤችአይቪን ሰውነት ራሱ አያጠፋውም። ስለዚህ እዚያ አንቲቦዲው ከተረጋገጠ ቫይረሱም አለ። ሰው ያንን ይዞ ሲ ላይም «ፖዘቲቭ ነኝ» ይላል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሌላ ነው። ለቢ የምንጠቀምበት ስትሪፕ የሚፈልገው የቫይረሱን ሽፋን ራሱን ነው። እሱ ሪአክቲቭ ካለ ቫይረሱ አሁን አለ። ሁለቱ ስትሪፖች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ መልካቸውም አንድ ነው። ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው። የሕክምና ባለሙያም ሳይቀር ሲያምታታው አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምርመራ ስሙ «ኤችሲቪ አርኤንኤ» ነው። ኤችሲቪ ማለት የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ነው፤ አርኤንኤ የቫይረሱ ዘረመል ነው። «ቫይራል ሎድ» ወይም «ፒሲአር» ቢሉሽም ያው ነው። ደም ከክንድ ይቀዳል፤ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ። ከዚያ ቱቦው ማሽን ላይ ይሽከረከርና ቀዩ ወደ ታች፣ ቢጫው ፕላዝማ ወደ ላይ ይለያል። ይህ በሰዓታት ውስጥ መሠራት አለበት፤ የቫይረሱ አርኤንኤ ሙቀት ላይ ከቆየ ይበላሻል። ስለዚህ ናሙናው ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ በቀዝቃዛ ዕቃ መላኩን ጠይቂ። አታፍሪ፤ መጠየቅ መብትሽ ነው።

በጤና ጣቢያ ደረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ለቲቢ አክታ የሚመረምረው ጂንኤክስፐርት የሚባል ማሽን ለሲ የራሱ ካርትሬጅ (ናሙናው የሚገባበት ዕቃ) አለው። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ያወጣል። ማሽኑ ያለበት ቦታ ሁሉ ግን የሲ ካርትሬጅ የለም። አባትሽን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት ደውለሽ «የሄፓታይተስ ሲ ቫይራል ሎድ ዛሬ ትሠራላችሁ? ስንት ነው?» በዪ። ዋጋው ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

ስኒዋን ግን ዛሬውኑ ወደ ረከቦቱ መልሻት። ሲ የሚተላለፈው ደም ከደም ሲገናኝ ነው። በስኒ፣ በአንድ ገበታ በመብላት፣ በመጉረስ፣ በመሳም፣ ልጅ በማቀፍ አይተላለፍም። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥፍር መቁረጫ ለየብቻ ይሁን። ልጅሽን ጭናቸው ላይ መልሻት።

ማዕዶት | ነሐሴ 29፣ 2016

እኔ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ክሊኒክ ሄጄ ሲመረምሩኝ ፕላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። አጎንብሼ አየሁት። «ሲ» ከሚለው የፈረንጅ ፊደል አጠገብ ደማቅ ቀይ መስመር ነበር። ልጅቷ ተመልሳ «ነጻ ነሽ» አለችኝ። አላመንኳትም። ሲ ላይ መስመር ካለ ሄፓታይተስ ሲ አለ ማለት አይደለም እንዴ? ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የለኝም።

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ነሐሴ 29፣ 2016

ማዕዶት እህቴ፣ ዛሬ ማታ ተኚ። ያቺ «ሲ» የበሽታው ስም አይደለችም። «ኮንትሮል» ለማለት ነው። የኤችአይቪም፣ የወባም፣ የእርግዝናም ኪት ላይ ብዙ ጊዜ አለች። ያ መስመር የሚያሳየው ኪቱ በትክክል መሥራቱን ነው። ሁልጊዜ መውጣት አለበት፤ እሱ ካልወጣ ኪቱ ይጣላል። የአንቺን ውጤት የሚናገረው «ቲ» ከሚለው ፊደል አጠገብ ያለው ቦታ ነው። እዚያ መስመር ከሌለ አንቲቦዲ አልተገኘም። እዚያ ደብዘዝ ያለም ቢሆን መስመር ካለ ሪአክቲቭ ነው።

ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። ሁለት ደቂቃ ወስደን ብናስረዳ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አታጪም ነበር።

ተመላሽ እህት | ነሐሴ 29፣ 2016

የደሴዋ፣ ያንቺን ሳነብ የራሴ ታሪክ መጣብኝ። ወደ ኩዌት ለመሄድ ሜዲካል ስሠራ «ብቁ አይደለሽም» ተባልኩ። ለምን ስል «ጉበት አለብሽ» አሉኝ። ወረቀቱን እንኳ በደንብ አላሳዩኝም። ለጉዞው ተበድሬ ነበር። ከዕዳው በላይ ግን የከበደኝ ሌላ ነው። እሞታለሁ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ። የጠየቀኝን ሰው አላገባም ብዬ መለስኩት።

በኋላ የአክስቴ ልጅ ጎትታ ሁለተኛውን አሠራችኝ። «አልተገኘም» ይላል። ሐኪሟ «አንድ ጊዜ ገብቶብሽ ሰውነትሽ ራሱ አጥፍቶታል» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር ውስጤ አልነበረም። የጉዞውን ነገር አልለወጠልኝም፤ እዚያ የሚያዩት አንቲቦዲውን ነው። ግን ወረቀቱን ይዤ ቤቴ ስገባ እግሬ መሬት አልነካም።

እባክሽ አትዘግዪ። ነገ ሂጂ።

ሰናይ ሜሪላንድ | ነሐሴ 29፣ 2016

እኔ ደግሞ ሌላኛውን ወገን ልናገር፤ ሁሉም ሰው «አልተገኘም» አይባልምና።

እዚህ አሜሪካ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሲ እንዲመረመር ይመከራል። እኔም ምንም ሳያመኝ፣ እንዲሁ ለዓመታዊ ምርመራ ሄጄ ነው የተገኘብኝ። ደስ ያለኝ ነገር አንድ ነው። ሁለተኛ ቀጠሮ አልሰጡኝም። አንቲቦዲው ሪአክቲቭ ሲል ላብራቶሪው ከዚያው ደም ላይ አርኤንኤውን ሠራው። ሐኪሜ ስትደውል ሁለቱም ውጤት በእጇ ነበር። ቫይረሱ ነበረብኝ። 12 ሳምንት በቀን አንድ እንክብል ዋጥኩ። ድካም ቢጤ ነበረኝ፤ ሥራ ግን አልቀረሁም። ከጨረስኩ ከ12 ሳምንት በኋላ «አልተገኘም» ተባልኩ። ይኸው ሦስት ዓመቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ደም ልለግስ ሄጄ አልተቀበሉኝም። አንቲቦዲዬ አሁንም ሪአክቲቭ ነው። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ሲያስረዱኝ ገባኝ። ድኛለሁ፤ ዱካው ግን አለ።

የደሴዋ ልጅ | ነሐሴ 30፣ 2016

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ተመላሽ እህቴ፣ ያንቺን ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙና «የሰው ልጅ ለካ ሳይታመም ይታመማል» አሉ። ዛሬ ጠዋት ደም ሰጥተናል። ናሙናው ስለሚላክ ሁለት ቀን ይፈጃል። በበረዶ ዕቃ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ልጁ ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ።

ከየት ያዘኝ እያሉ ያስባሉ። ልጅ ሆነው በገበያ ቀን አንድ መርፌ ወጊ ይመጣ ነበር አሉኝ። የመስታወት ስሪንጅ ነው። በጣሳ ውሃ አፍልቶ፣ በአንዱ መርፌ የተሰለፈውን ሁሉ ይወጋ ነበር። ከዚያ ይሆን?

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ነሐሴ 30፣ 2016

ሊሆን ይችላል። ማንም ግን ማረጋገጥ አይችልም። በደንብ ያልጸዳ መርፌ ዋና መተላለፊያ ነው። ቀድሞ የተሰጠ ደም፣ ጥርስ መነቀል፣ ንቅሳት፣ ዋግምት፣ እንጥል መቁረጥ፣ መሣሪያው ካልጸዳ ሁሉም መንገድ ነው። የሚወቀስ ሰው የለም። አባትሽ ልጅ ሳሉ ቫይረሱ ስም እንኳ አልነበረውም። «ኤም ያልሆነ፣ ቢም ያልሆነ» ነበር የሚባለው። ተለይቶ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ያገኙት ሳይንቲስቶች በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ግብፅን እዪ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት ሕዝቡን በመርፌ አከሙ። መርፌው በደንብ ስላልጸዳ ሲ በአገሩ ተሰራጨ። በዓለም በሲ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ሆነች። በ2018 እ.ኤ.አ. ዘመቻ ጀመሩ። ከ60 ሚሊዮን በላይ ሰው መረመሩ። አሠራሩ አንቺ እንደያዝሽው ነው። መጀመሪያ ጣት ተወግቶ ስትሪፕ፤ ሪአክቲቭ ያለው ለፒሲአር ይላካል፤ ቫይረሱ የተገኘበት ብቻ መድኃኒት ይጀምራል። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጣቸው። በእኛ ቀጣና ይቻላል ማለት ነው።

ስሜ ይቅር | ነሐሴ 30፣ 2016

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባ። ሆስፒታል ጽዳት ነው የምሠራው። ዛሬ ጠዋት ቆሻሻ ሳነሳ ጥቁር ፌስታል ውስጥ የነበረ መርፌ በጓንቱ አልፎ ጣቴን ወጋኝ። ደማ። የማን መርፌ እንደሆነ አይታወቅም። ለአለቃዬ አልተናገርኩም፤ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ ለሲ ብመረመር ያሳያል?

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ነሐሴ 30፣ 2016

እህቴ ይህን እንዳነበብሽ ተነሺ። ነገ አይደለም፤ አሁን። ጣትሽን በውሃና በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂና «መርፌ ወግቶኛል» በዪ። ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በሰዓታት ውስጥ ሲሆን ይበልጥ ይሻላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ያዩልሻል።

ለሲ መከላከያ መድኃኒትም ክትባትም የለም። ግን አትሸበሪ፤ ከ100 ሰዎች ሁለት በማይሞሉት ላይ ነው በእንዲህ ያለ ውጊያ የሚይዘው። ዛሬ የሚሠራልሽ ምርመራ ከመወጋትሽ በፊት የነበረሽን ነው የሚያሳየው። አንቲቦዲ እስኪወጣ ከ8 እስከ 11 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ነጻ ነሽ ቢሉሽ እዚያ አታቁሚ። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አርኤንኤ ይሠራልሽ፤ ቫይረሱ ራሱ ቀድሞ ይታያል። ከ4 እስከ 6 ወር ደግሞ አንቲቦዲ። አደጋው መዝገብ ላይ እንዲጻፍልሽ አድርጊ። ሂጂ አሁን።

ስሜ ይቅር | ነሐሴ 30፣ 2016

ሄጃለሁ። መድኃኒቱን ሰጡኝ። ኃላፊዋ አልተቆጣችኝም። እሷም አንድ ጊዜ ተወግታ ታውቃለች። እግዚአብሔር ያክብርህ ወንድሜ።

የደሴዋ ልጅ | ጳጉሜን 1፣ 2016

ውጤቱ መጣ። «ኤችሲቪ አርኤንኤ፦ ተገኝቷል። 640,000»። ቀጥሎ በሚሊ ሊትር የሚል መለኪያ አለ። ከጎኑ ደግሞ «ሎግ 5.81» ይላል።

ለአባዬ ስነግራቸው የፈራሁትን ያህል አልሆኑም። «ጅቡ ግቢ ውስጥ ነው አልሽኝ?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ይውጣ» አሉ።

እኔ ግን 640,000 ሲባል ደነገጥኩ። ጉበታቸው አልቆ ነው?

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ጳጉሜን 1፣ 2016

አይደለም። ይህን በደንብ ስሚኝ። የሲ ቫይረስ ቁጥር ጉበት ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። ሚሊዮኖች ኖሮት ጉበቱ ደህና የሆነ ሰው አለ። ጥቂት ሺህ ኖሮት ጉበቱ የጠጠረበት አለ። በመቶ ሺዎችና በሚሊዮኖች የሚቆጠር ውጤት የተለመደ ነው። «ሎግ» ያንኑ ቁጥር በአጭር መጻፊያ ነው፤ ሌላ ምርመራ አይደለም። ከዚህ ውጤት የምትፈልጊው አንዱን ቃል ብቻ ነው፦ «ተገኝቷል»። እሱ መድኃኒት ይጀመር ማለት ነው።

ወደፊት አንዳንድ ወረቀት ላይ «ተገኝቷል፤ ከ15 በታች» የሚል ልታዪ ትችያለሽ። እሱ «አልተገኘም» ማለት አይደለም። ቫይረሱ ምልክት አለው፤ ግን ማሽኑ በትክክል ሊቆጥረው አይችልም ማለት ነው።

ለጉበቱ ሌላ ስሌት አለ። ከመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ላይ ኤስጂኦቲ (የጉበት ኢንዛይም ነው) እና ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ ነው) የሚሉትን ፈልጊልኝ።

የደሴዋ ልጅ | ጳጉሜን 1፣ 2016

ኤስጂኦቲ 58፣ ጣሪያው 40 ይላል። ፕላትሌት 210።

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ጳጉሜን 1፣ 2016

58ን ለ40 አካፍዪ፤ 1.45። በ100 አባዢ፤ 145። ለ210 አካፍዪ፤ 0.69። ይህ «አፕሪ» ይባላል። ከ2 በላይ ሲሆን ጉበት ጠጥሯል ብለን እንጠረጥራለን። ከ1 በታች ከሆነ ያ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። የአባትሽ ደህና ነው። አልትራሳውንዱን ግን ሐኪሙ ያዘዘ እንደሆነ አሠሪ፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሐኪሙ ነው።

አዲስ እናት | ጳጉሜን 2፣ 2016

ለነፍሰ ጡርስ? እኔ ስምንተኛ ወሬ ነው። ሁለቱም ምርመራ ፖዘቲቭ ብሏል። ሐኪሜ መድኃኒቱን ከወለድሽ በኋላ አለችኝ። ልጄን መቼ ላስመርምረው? ጡትስ?

ፋርማሲስቷ | ጳጉሜን 2፣ 2016

እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ከ100 ስድስት ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙው ልጅ ነጻ ነው የሚወለደው። ግን ተጠንቀቂ፤ ሕፃኑን በስትሪፕ እንዳያስመረምሩብሽ። ያንቺ አንቲቦዲ በእትብት አልፎ ልጁ ውስጥ ይገባል፤ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ቫይረስ የሌለበት ልጅ ሪአክቲቭ ይባላል፤ ቤቱ ይተራመሳል። ከሁለት ወሩ በኋላ አርኤንኤ አሠሪለት። ጡት አጥቢው። ጫፉ ተሰንጥቆ ከደማ ብቻ፣ እስኪድን ከዚያኛው አቁሚ።

የደሴዋ፣ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ መሠራቱን አረጋግጪ። ሁለቱም ያለበት ሰው ላይ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል። ሁለተኛ፣ አባትሽ የጨጓራ መድኃኒት ይወስዳሉ?

የደሴዋ ልጅ | ጳጉሜን 2፣ 2016

ቢ ነጻ ነው፤ ያው ወረቀት ላይ አለ። ኦሜፕራዞል ግን ከአልጋቸው አጠገብ አይጠፋም። እንዴት አወቅሽ?

ፋርማሲስቷ | ጳጉሜን 2፣ 2016

ጨጓራ የሌለበት አባት የት አለ ብዬ ነው። ለሐኪሙ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ። ከሲ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ቬልፓታስቪር ያለበት፣ ከኦሜፕራዞል ጋር ሲወሰድ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋር ከሆነ ይህ ችግር የለም። የልብና የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ካለ ይነገር። ያላቸውን እንክብል ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

የደሴዋ ልጅ | መስከረም 20፣ 2017

እንኳን አደረሳችሁ። ዛሬ ሰኞ አባዬ የመጀመሪያውን ዋጡ። ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር ነው፤ 12 ሳምንት። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አውርደው በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ነው። መቼ ነው የምናስመረምረው?

ላብ ቴክ ሀዋሳ | መስከረም 20፣ 2017

84 ቀን ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ ለመቁጠር ይመቻል። የመጨረሻዋ እንክብል ታኅሣሥ 13 ትዋጣለች። ከዚያ ሌላ 84 ቀን ጠብቁ፤ መጋቢት 7። እሁድ ስለሆነ በማግስቱ ደም ስጡ። አንድም ቀን እንዳይዘሉ።

የደሴዋ ልጅ | ታኅሣሥ 15፣ 2017

ጨረሱ! አንድ ቀን አልዘለሉም። አሁን ብናስመረምርስ? ሦስት ወር መጠበቅ ከበደን።

ላብ ቴክ ሀዋሳ | ታኅሣሥ 15፣ 2017

እልልታዬ ይድረሳቸው። መቸኮላችሁ ይገባኛል። አሁን ብታሠሩ «አልተገኘም» ማለቱ አይቀርም፤ መድኃኒቱ ገና ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ግን ያ መዳን አይባልም። ማሽኑ ሊያየው የማይችል ጥቂት ቫይረስ ተርፎ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ተመልሶ ይባዛል። የሚመለስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ 12 ሳምንታት ውስጥ ነው የሚመለሰው። ገንዘባችሁን ለመጋቢት አስቀምጡት።

የደሴዋ ልጅ | መጋቢት 10፣ 2017

«ኤችሲቪ አርኤንኤ፦ አልተገኘም።»

ይህን የምጽፈው እያለቀስኩ ነው። አባዬ ጾም ስለሆነ ደስታውን ለፋሲካ አስተላልፈውታል። ሁላችሁንም በስማችሁ ይጠሩ ነበር፤ «ያ የሀዋሳው ልጅ፣ ያቺ ፋርማሲስቷ፣ ያቺ ከኩዌት የቀረችው» እያሉ። መርቀዋችኋል።

ላብ ቴክ ሀዋሳ | መጋቢት 10፣ 2017

አሜን። የዛሬውን ወረቀት አደራ አትጣዪው። ኮፒ አስነሺና አንዱን ከመታወቂያቸው ጋር አድርጊው። ስትሪፑ ነገም ሪአክቲቭ ነው የሚለው፤ የማያውቅ ሰው እንደገና ያስደነግጣቸዋል። ከእንግዲህ ጥርጣሬ ካለ አርኤንኤ ብቻ ነው የሚሠራላቸው። አንቲቦዲው ከአዲስ ቫይረስ እንደማይከላከልላቸውም ንገሪያቸው። ምላጭና መርፌ ላይ ጥንቃቄው ይቀጥል።

የደሴዋ ልጅ | ሚያዝያ 21፣ 2017

ልክ እንዳልከው ሆነ። ዛሬ ለሄርኒያው ወደዚያው ሆስፒታል ተመለስን። ሲስተሯ ደም ወሰደች፤ ስትሪፑ ላይ ጠብ አደረገች። ቁጭ ብለን ጠበቅን። መጀመሪያ «ሲ» አጠገብ፣ ትንሽ ቆይቶ «ቲ» አጠገብ መስመር ወጣ። ሲስተሯ ቀና ብላ አየችን። አባዬ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቀኑን አነበበች። «አልተገኘም» የሚለውን በጣቷ ተከትላ አነበበች። ከዚያ መዝገቡ ላይ «ታክሞ የዳነ» ብላ ጻፈች፤ አባዬም አንብቢልኝ ብለው አስነበቧት። ኦፕራሲዮኑ ሐሙስ ጠዋት ነው።